የሮሪሳ ትንፋሽ

«ድገሚው!» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አምባው።

ሀኪማ የቴፑን ቁልፍ ተጫነች። «ወንድሜን መልሱ! ዕድሜው አልደረሰም! እናቴን አትግደሏት!» የሚል የታፈነ ድምፅ ወጣ። ትናንት ጠዋት በመዝሙሩ ፋንታ በቀበሌው ድምፅ ማጉያ የተለቀቀው ይኸው ነው። ተናጋሪው አፉን በጨርቅ እንደሸፈነ ያስታውቃል።

«እሺ፣ ማን ነው?»

አይ ቲቸር በዛብህ! ምናለ በወላጆች ስብሰባ ላይ ባይኩራሩ ኖሮ! «የሳይንስ ክበባችን ሰውን በድምፁ ይለያል» አሉ፤ መዘዙ የክበቡ አባል በሆነችው በእሷ ላይ መጣ።

ነገሩስ እውነት ነበር። የክበቡ ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግመው እያነበቡ ይቀዳሉ። ከዚያ ማን የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ቃል ብሎ እንደሚተነፍስ ቆጥረው አማካዩን ያወጣሉ። አዲስ ድምፅ ሲመጣ ወደ ማን እንደሚያደላ ያሰላሉ። «ሰው አንድ ቀን ሌላውን ሊመስል ይችላል፤ ሲደጋገም ግን ራሱን ነው የሚመስለው» ይላሉ ቲቸር።

ለዚህኛው ስሌትም አያስፈልግም። ሁለት ቃል፣ ከዚያ ሲር የሚል ትንፋሽ። በክበቡ ከጎኗ የሚቀመጠው ሮሪሳ ነው፤ አስሙ አሳበቀበት። ወንድሙን ከሳሪስ አፍሰው ለውትድርና የወሰዱት ባለፈው ሳምንት ነው። ሀኪማ ቴፑን አጠፋች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዲሁ ሰምቼ አልፈርድም። ከክበቡ ካሴት ጋር መመዛዘን አለበት።»

«ነገ ጠዋት እኔው እያለሁ ይመዘናል። ካሴቱ ጠፋ ብትሉኝ ደግሞ አስተማሪሽን ነው የማስረው!»

ሮሪሳ ክበቡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አወቅሽኝ፣ አይደል?»

«አንተ ፋራ! ጨርቅ ትንፋሽ ይደብቃል እንዴ?»

ሊስቅ ሞከረ፤ እንባው ቀደመው። ሀኪማ ጎትታ አስገባችውና በሩን ዘጋች። ካሴቱን የሱ ንባብ ያለበት ቦታ ድረስ አጠነጠነችው።

«እላዩ ላይ እንደገና ታነባለህ» አለችው።

«ቁጥሮቻችን ሁሉ ይበላሻሉ! ኤግዚቢሽኑስ? ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበት...»

ሀኪማ ወደ ግድግዳው ቀና አለች። በገዛ እጇ ያሰመረችው ሰንጠረዥ እዚያ ተሰቅሏል።

«ይቅር» አለች።

«እኔ እኮ ሳልተነፍስ ማንበብ አልችልም፣ ሀኪ።»

«ማን አትተንፍስ አለህ? አንብብ።»

መቅጃውን ተጫነች። ሮሪሳ ሁለት ቃል አነበበ። ትንፋሹ ከመምጣቱ በፊት ሀኪማ ቴፑን ገታችው።

«አሁን ተንፍስ» አለችው፣ ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ። «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ።»