ሦስተኛው ካፖርት

ሰውዬው የልብስ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ኮሌታውን ሳብ አደረገ።

«አንገቱ ጠበበኝ» አለ።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ሰዓቱም ትክክል ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የለበሰውም እንደተባለው ለፊልሙ የተሰፋ የፖሊስ ልብስ ነው።

ቆቅ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣች።

«ላልቶ የተሰፋ ነበር።»

ቆቅ የሚስጥር ስሟ ነው። እዚህ ፊልም መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያውቋት «የልብስ ክፍሏ ልጅ» ብለው ነው። ስምንት ወር ሙሉ ቁልፍ ተክላለች፣ አዲስ ሸሚዝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አስረጅታለች፣ የተዋንያንን ኩርፊያ ችላለች። መስቀያው ላይ ሦስት ካፖርቶች ተንጠልጥለዋል፤ ቁርጥ አንድ ዓይነት። አንደኛው የዋናው ተዋናይ ነው። ሁለተኛው በእሱ ፈንታ ከፎቅ ለሚወድቀው ሰው ነው። ሦስተኛው ደም የሚቀባው፣ ለሞቱ ትዕይንት።

በሦስተኛው ካፖርት የቀኝ ትከሻ፣ ስፖንጁ ውስጥ፣ አርባ አንድ ስም የተጻፈበት ስስ ጨርቅ ተሰፍቷል። መንግሥት «አናውቃቸውም» ያላቸው እስረኞች ናቸው፤ ፎቶ ቢሆን ሐሰት ነው ይባላልና እያንዳንዱ በገዛ እጁ ጽፎ ፈርሞበታል። እሑድ ወዳልታወቀ ስፍራ ይወስዷቸዋል። ከዚያ በፊት ስማቸው በአደባባይ ከተሰማ ማንም ሊያጠፋቸው አይደፍርም። ካልተሰማ እንደወጡ ይቀራሉ። ጨርቁን ያወጣው የልብስ ሰፊዎቹ አለቃ ጋሼ ሜትር ነው፤ ለፊልሙ የእስረኛ ልብስ ናሙና ሊያይ እስር ቤቱ ገብቶ ሳለ አንድ ዘብ እጁ ላይ ጣል አደረገለት። ሠራተኛ ሲወጣ ይፈተሻል። የሰልፉ ትዕይንት ሲቀረጽ ግን ሁለት መቶ አጃቢ ተዋንያን በተከፈተው በር ወደ መንገዱ ይወጣሉ። የይለፍ ቃሉን ይዞ የሚመጣው መልእክተኛ ካፖርቱን ደርቦ ከእነሱ ጋር ይወጣል። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

ሰውዬው ወደ ውስጥ ተራመደ።

ቋ። ቋ። ቋ።

የቆቅ እጅ መስቀያው ላይ ደረቀ።

የድምፅ ባለሙያው በንግግር መሃል ኮቴ ከሰማ ያብዳል። ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በፊልሙ ፖሊሶች አርባ ጥንድ ከስክስ ሶል ላይ ወፍራም ጨርቅ የለጠፈችው እሷ ናት፤ ማስቲሹ ከጣቷ ገና አልለቀቀም። ከዚህ ክፍል የወጣ ጫማ ድምፅ የለውም። ይሄ ሰው የመጣው በራሱ ጫማ ነው። የፖሊስ ልብስ የለበሰ ፖሊስ!

እጇን ከሦስተኛው አነሳችና ሁለተኛውን ካፖርት አውርዳ ሰጠችው።

ሰውዬው የካፖርቱን ቀኝ ትከሻ ጨመቅ አደረገ። ስፖንጅ ነው። ፈገግ አለና ወጣ።

እውነተኛው መልእክተኛ ካፖርቱን መልበስ እንጂ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። የቀኙን ትከሻ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለሚስጥር ሥራው አለቃዋ፣ ለዋርካ። የትኛው ካፖርት እንደሆነ ግን ለእሱም አልነገረችው። ቆቅ ያሏት በከንቱ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት አብራው ሠርታለች።

«ምነው ልጄ?» አለ ጋሼ ሜትር ከስፌት መኪናው ጀርባ።

«ተሸጥን ጋሼ። ዋርካ ነው።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።» ሽማግሌው ተነሳ። «ስንት ደቂቃ አለን?»

«ስፖንጁን እስኪቀድ ድረስ።»

ጋሼ ሜትር የሦስተኛውን ካፖርት ገበር በመቀስ ተረተረ፣ ጨርቁን እጇ ላይ አደረገ፣ የአሮጊት ቀሚስና ሻርፕ ወረወረላት። ከዚያ ባዶውን ካፖርት ራሱ ለበሰው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«የሚፈልጉት ካፖርት አይደል? ለብሼው በጓሮ በር እሮጣለሁ።»

«ይይዙዎታል!»

«በስድሳ ስምንት ዓመቴ መሮጤ ራሱ ያስደነግጣቸዋል።»

«አብረን እንውጣ፣ በሞቴ!»

«ሁለታችንም ከወጣን ማንን ያባርራሉ?» ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ። «አርባ ዓመት ለውሸት ጀግና ልብስ ሰፋሁ። አንድ ቀን ራሴ ብለብሰው ምን ይለኛል? ሂጂ ብያለሁ!»

ሄደች።

ግቢው ውስጥ ዳይሬክተሩ «ቀረጻ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ተነቃነቀ። ጎብጣ መሃል ገባች።

ከጓሮ በኩል ፊሽካ ተነፋ።

ከስክሶች ሮጡ። ቋ ቋ ቋ ቋ።

«ያዘው! ያ ካፖርት የለበሰው!»

ዞር ብትል አለቀላት። አልዞረችም። ሰልፈኞቹ ጽሑፉ ላይ የተሰጣቸውን መፈክር ያሰማሉ፤ «ልጆቻችንን መልሱ!» እሷም ጮኸች። ደረቷ እስኪሰነጠቅ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጡጫዋን ሰማይ ላይ ሰቅላ ጮኸች።

«ያቺን አሮጊት አቅርባት!» አለ ዳይሬክተሩ ለካሜራ ባለሙያው። «ከየት አመጣናት በእግዚአብሔር?»

በሩን አለፈች።

ሦስት መንገድ እንደተሻገረች ስልኳ ጠራ። ዋርካ ነው።

«ሽማግሌው እኛ ጋ ነው። ጨርቁን አምጪ፣ ዛሬውኑ ይፈታል።»

«አርባ አንዱስ?»

«እነሱን ተያቸው። ያለቀላቸው ናቸው።»

ጋሼ ሜትር ቁልፎቹን ሲቆልፍ ታያት። ግድግዳ ተደገፈች።

«እንካ መልሴን» አለች። «ነገ ቀትር ላይ ራዲዮ ክፈት።»

ስልኩን ቦይ ውስጥ ጣለችው። ከሰዓት በኋላ ከድንበር ማዶ ለሚያሰራጨው ራዲዮ ጋዜጠኛ ጨርቁን በእጇ አስረከበች። ከመስጠቷ በፊት ከግርጌው ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመረች።

በማግስቱ ቀትር በሌላ ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆማ ነበር። ከሱቁ ራዲዮ ስሞቹ እየተነበቡ ነው፤ እያንዳንዱ ከነአባቱ ስም። በአሥራ ሰባተኛው ስም አጠገቧ የተቀመጡ እናት ዘለው ተነሡ።

«ልጄ! ልጄ ነው! አለ! በሕይወት አለ!» የእጅ ቦርሳቸው ወደቀ። «አሁን እስቲ ፊቴ ቆመው አናውቀውም ይበሉኝ! በራቸው ላይ ነው የማድረው!»

ቆቅን ጥምጥም ብለው አቀፏት፤ ቅርብ የነበረችው እሷ ስለሆነች ብቻ። እንዳቀፏት አርባ ሁለተኛው ስም ተነበበ። የአንድ ልብስ ሰፊ ስም። ትከሻቸው ላይ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እናትየው ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺስ የእኔ ልጅ፣ የማንን ስም ሰማሽ?»

«የአባቴን» አለች።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። ስሟን የሚጠይቅ ሳይመጣ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች።