የወረታ ቀለብተኞች

ሾፌሩ የጭነት መኪናው ጎማ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል። አበረ በሁለት ምርኩዝ እየተወላከፈ መጣና አጠገቡ ዝርፍጥ አለ። የወረታ ገበያተኛ ግራና ቀኝ ይተራመሳል። ሽባን ማን ልብ ይላል?

«ከይፋግ የመጣ ጨው አለ?»

«አለ። ግን ረጥቧል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሾፌሩ ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ የምስጢር ስሙ «ድልድይ»። የአበረን ወሬ ወደ አዲስ አበባ የሚያሻግረው እሱ ነው። አበረ ደግሞ «ሸንበቆ» ነው። የሽባዎች መጦሪያው ውስጥ ግን ስሙ ያየህ ነው፤ ጓያ በልቶ እግሩ የተሰበረ የደንቢያ ገበሬ ተብሎ ነው የገባው።

«እህሳ?» አለ ሾፌሩ ቀና ሳይል።

«መንግሥት ጓያ ለሰበራቸው ቀለብና አስታማሚ ቆርጧል አይደል? የሚበሉት የመጦሪያው ሹም የባላምባራስ አያልነህ አራሾች ናቸው። ጤነኞች! እንደ ወይፈን የሚዘሉ! ሽባዎቹ ፍርፋሪውንም አያዩም። ንግሥቲ የምትባል ሴት አለች፤ የሚያገላብጣት አጥታ ጀርባዋ ቆስሏል።»

«ማን እንደሚበላ ነው የተጠየቅከው። ማን እንደሚራብ አልተጠየቅክም።»

አበረ ጥርሱን ነከሰ። ክረምቱን ሙሉ ወሬ ልኳል፤ መልሱ ሁሌ «አጣራ» ነው። ኧረ ምኑን ያጣራው! ሰው በቁሙ እየበሰበሰ ምኑ ይጣራል?

«ቅዳሜ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ማንነትህን አያውቅም፤ አንተም እንዳትነግረው። በየአገሩ መጦሪያ ምርኩዝ ይዘው የገቡ ባልደረቦች አሉ። ሰላይ ሽባ መስሎ እንደሚገባ ከተሰማ ሁሉም አለቀላቸው። ለመሆኑ ምን አስበሃል?»

ያሰበውስ ነበር። ግን ዋጠው። ሁሉን ለአንድ ሰው አለመናገር የሥራው ሕግ ነው።

«እግዜር ያውቃል» አለና ምርኩዙን ተደግፎ ሄደ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሄደው። አባ ተክለ ማርያም አጸዱ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። የመጦሪያው ሌብነት ሲያንገበግባቸው የኖረ ቄስ ናቸው።

«አባ፣ ቅዳሜ ተቆጣጣሪው መጦሪያው አዳራሽ ሲቀመጥ ይግቡልኝ።»

«ገብቼ ምን ልበል ልጄ?»

«ምንም። መስቀልዎን ይዘው መግባት ብቻ።»

ቄሱ ትንሽ አሰቡና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ማታ ለንግሥቲ ከድርሻው ቆርሶ ሰጣት። እርጥብ መደብ ላይ ተኝታለች። ውሃ የገባበት ቤት ገና አልደረቀም።

«አያ ያየህ፣ አንተ ባትኖር እስከ ዛሬ አፈር በልቶኝ ነበር። ሰው የምለው አንተን ነው» አለችው።

«አይዞሽ እቴ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲነቃ መደቡ ሁሉ ባዶ ነው።

ንግሥቲ የለችም። ማንም የለም።

በሩ ላይ ባላምባራስ አያልነህ ቆሟል፤ ኋላው ጠመንጃ የያዘ አሽከር አለ።

«እንዴት አደርክ፣ አበረ?»

በስሙ!

«ሾፌርህ ደኅና ሰው ነው። አልደበቀኝም። ሽባዎቹን በታንኳ ወስጄ ረግረጉ መሐል ጉብታ ላይ አውርጃቸዋለሁ። ትንፍሽ ትልና ወፍ አይደርስላቸውም። በል፣ ምርኩዝህን ያዝና ከሰዎቼ ጋር ተቀመጥ።»

ድልድይ ሸጦታል። አበረ ደሙ ፈላ፤ ግን ተቀመጠ።

አዳራሹ በአራሾች ሞልቷል። ሁሉም ምርኩዝ ታቅፏል፣ ሁሉም እግሩን አጣምሯል። ተቆጣጣሪው ፖሊሶቹን በር ላይ አቁሞ አንድ በአንድ ይጠይቃል።

«አንተስ?»

«ጓያ ሰበረኝ ጌታዬ» ይላል አንዱ። ሌላው እንባ ጨመረበት። አበረ በንዴት ሊፈነዳ ነው።

«መልካም ነው፤ በደንብ ይዛችኋቸዋል» አለ ተቆጣጣሪው። ለመሄድም ኮቱን ቆለፈ።

ያን ጊዜ አባ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ገቡ።

«ኖር!» አለ ሰው ሁሉ ባንድ አፍ።

አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ለቄስ ተቀምጦ የሚቆይ የፎገራ ሰው የት አለ! ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር ነው፤ እግር ከሐሳብ ይቀድማል። ምርኩዙ እየተንኳኳ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ ቄሱ።

የሚቀመጥ ጠፋ። ሁሉም ደርቆ ቀረ።

አበረም ቆሟል።

ወጥመዱን ያጠመደው ራሱ፣ የቆመው ራሱ! እንዲያው ምን ዓይነት ጉልበት ነው?

«እሰሩ!» ጮኸ ተቆጣጣሪው። «አንድ እንዳይቀር!»

አራሾቹ ገመዱን ሲያዩ የሽባዎቹን ቦታ ሳይጠየቁ ለፈለፉ። ታንኳ ተላከ። ከሰዓት በኋላ ንግሥቲን በቃሬዛ ይዘዋት መጡ፤ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ ግን በሕይወት አለች። አበረ ከታሳሪዎቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል።

በሁለት እግሩ።

ባላምባራሱ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጌታዬ! ይሄ ሰውዬ ሰላይ ነው! ከአዲስ አበባ ተልኮ ነው ሽባ የመሰለው!»

ተቆጣጣሪው ወደ አበረ ዞረ። «እውነት ነው?»

አባ ተክለ ማርያም ሊናገሩ አንድ እርምጃ ራመዱ። አበረ በዓይኑ ለመናቸው። በየመጦሪያው ያሉት ባልደረቦቹ በዚህች አንድ ቃል ይሞታሉ።

«ውሸት ነው ጌታዬ። እኔም እንደነሱ የሽባ ቀለብ ስበላ ነው የኖርኩት።»

ንግሥቲ ከቃሬዛው ቀና አለች።

«አንተም?»

አበረ ከታሳሪዎቹ ጋር ጎንደር እስኪደርስ ድረስ አንገቱን አላቀናም።

ከእስር ቤት ያስወጣው ከአዲስ አበባ የተላከ የማያውቀው ሰው ነው። ባላምባራሱ ተፈርዶበታል፤ ቀለቡም ለባለቤቶቹ ተመልሷል።

«ድልድይስ?»

«ከዕድገት ጋር ወደ አሥመራ ተዛውሯል።»

«ሸጠኝ እኮ! ነግሬያችሁ የለ?»

«ይጣራል» አለ ሰውየው። አዲስ ስምና የአውቶቡስ ቲኬት ሰጠው።

አውቶቡሱ ወረታ ላይ ቆመ። ንግሥቲ ከመጦሪያው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ሴት ጀርባዋን ታጥብላታለች፤ ንጹሕ ነጠላም ታጥፎ አጠገቧ ተቀምጧል። ወርዶ አንዲት ቃል ሊላት ከመቀመጫው ብድግ አለ። ግን የሚወርደው ማን ሆኖ ነው? ያየህ ሌባ ነው፤ አበረ የሚባል ሰው የለም።

ንግሥቲ ቀና ስትል በመስኮቱ ተያዩ።

አወቀችው። ምራቋን እንትፍ አለችና ፊቷን አዞረች።

አውቶቡሱ ወደ ሐሙሲት ጉዞውን ቀጠለ።