ማንም የማይጽፈው ስም

ሬሳው ከቢሮው ደረጃ ግርጌ የተገኘው ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ መነጽሩ እንኳ አልተሰበረም፤ የደረት ኪሱ ብቻ ወደ ውጭ ተገልብጦ ነበር። ሟቹ የድረ ገጽ ስም ነጋዴ ሲሆን፣ ሰፈሩ «ቆጣሪው» ይለው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ራሱን ወረወረ» ብሎ ፈረደ፤ ለመፍረድ ማን ይሰንፋል!

በአራተኛው ቀን መርማሪዋ ቢሮው ገባች። ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ረጅም ነው። ካፖርቱ አሁንም ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሟቹ በምስጢር የያዘው አንድ ገጽ እንዳለ ከሒሳብ መዝገቡ አይታ ነበር። መጀመሪያ ሚስቱን አስጠራች።

«የዚያን ዕለት ጠዋት ምን ተባባላችሁ?»

«ክፉ ቃል ተናገርኩት» አለች ሴትዮዋ መሐረቧን እየጨመደደች። «‹ከሰው ቁጥር ይበልጥብሃል፤ እንግዲያው ከቁጥርህ ጋር ኑር› አልኩት። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በኔ ቃል ነው የሞተው? እውነቱን ንገሪኝ እህቴ፤ ዛሬም ደረጃውን ሲወጣ ኮቴው ይሰማኛል።»

መርማሪዋ ማጽናናት አታውቅበትም። «ገና አላወቅሁም» አለቻት። ሴትዮዋ ልትወጣ ስትል ግን፣ «ባለቤትዎ በምስጢር በያዘው ገጽ ላይ የጻፈው ነገር ዛሬ ይወጣል» ብላ ጨመረች።

«የቱ ገጽ?» አለች ሴትዮዋ፣ ግራ እንደተጋባች ወጣች።

ቀጥላ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ገባች፤ ወጣት ናት።

«ጋሼ አንድ ስም ከመግዛቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ይከራየውና ገጹን ባዶ ይተወዋል» አለች። «‹ቤት ኪራይ› የመሰለ ስም ከሆነ፣ ማንም ሳይመራው ራሱ ጽፎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። እሱን ነው የምንቆጥረው፤ ሰው በበዛ ቁጥር ስሙ ዋጋ ያወጣል።»

«ሰው ያልሆነውስ?»

«በየገጹ ለሚዞሩት ማሽኖች ብልሃት ነበረው። ጎን ለጎን ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ያስመዘግባል። ማንም ሰው ስለማይጽፈው፣ እዚያ የሚመጣው ሁሉ ማሽን ነው፤ ያን ያህሉን ከዋናው ስም ላይ ይቀንሳል። የኛ የቤተኞቹ ጉብኝትም ይቀነሳል፤ ገብተን ካበላሸንበት አይጣል ነው! ክምሩን በወረቀት ጽፎ ደረት ኪሱ ይይዘዋል። ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።»

«አሁንስ ወደ ክምሩ ማን ይመጣል?»

ልጅቷ ማያውን አዞረችላት። «አንድ ሰው፣ በስልክ። ጋሼ ከሞተበት ዕለት ጀምሮ በየቀኑ። መጀመሪያ የመጣው ከጠዋቱ አራት ተኩል ነው፤ ሬሳው ሳይገኝ። ማሽን ነክቶ ይሄዳል፤ ይሄ ግን ነጩን ገጽ ሩብ ሰዓት ያየዋል። ጋሼ ራሱ እየመሰለኝ ፈራሁ።»

«ሙት ስልክ አይዝም» አለች መርማሪዋ። ያንኑ ወሬ ለሷም ነገረቻት።

«እዚያ ላይ? ባዶ ነው እኮ!»

መጨረሻ የሟቹ ታናሽ ወንድምና ሸሪክ መጣ።

«ልትገዙት ያሰባችሁት ስም ነበር?»

«በቀን አራት መቶ ሰው የሚመጣበት! ወንድሜ ግን ወላወለ።»

«ኪሱ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አይተዋል?»

«ካየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ያንኑ ወሬ ነገረችው። አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወጣ።

አስር ሰዓት ላይ ሦስቱም ተሰበሰቡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«አራት መቶው ቀንም ሌሊትም አይቀንስም» አለች መርማሪዋ። «ሰው ይተኛል፤ ይህ ቁጥር አይተኛም፤ ስለዚህ ማሽን ነው። ተራ ማሽን ደግሞ ያገኘውን በር ሁሉ ያንኳኳል፤ አራት መቶዎቹ ግን ክምሩን አልነኩም። ለዚያ ስም ብቻ ተልከዋል ማለት ነው። በዚህ የሚጠቀመው ሻጩ ነው። የሻጩን ውክልና አስመጥቼ አየሁ፤ ከጀርባው ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ወንድምየው በሩ ላይ ወደቆሙት ፖሊሶች ዞረ።

«ወንድምዎ ደረሰበት። ደረጃው ላይ ገፈተሩት። ከኪሱ ያወጡት ወረቀት ማስረጃ መስሎዎት፣ ያለበትን ስም ስልክዎ ላይ ጻፉት።»

«ይህች ልጅም ታውቀዋለች! ለምን እኔ?»

«ዛሬ ለሦስታችሁም አንድ ወሬ ነገርኩ፤ የገጹን ስም ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቱ በሦስት ሰዓት ነገርኩ፤ የመጣ የለም። ለልጅቷ በአምስት ነገርኩ፤ የመጣ የለም። ለእርስዎ በስምንት ነገርኩ፤ ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ የክምሩ ቁጥር በአንድ ጨመረ። ስልክዎን ያምጡ።»

ስልኩን አላወጣም፤ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ወንድሜ ገጹ ላይ ስሜን የሚጽፍ ይመስለኝ ነበር» አለ። «በየቀኑ ገባሁ። ነጭ ነው። ሁልጊዜ ነጭ። የናቴ ልጅ ዝም ብሎ ያየኛል።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። «ታዲያ እኔ አይደለሁማ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው።

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ብቻዋን ወደ ቢሮው መጣችና ወጣቷ የነጩን ገጽ ስም ወረቀት ላይ እንድትጽፍላት ለመነች። በአንድ ጣቷ ፊደል በፊደል ስልኳ ላይ አስገባችው። ነጩ ገጽ ተከፈተ። «ያን ቃል እንዲያው በንዴት ነው የተናገርኩት» አለችው፣ ሰው እንደሚያናግሩ ሁሉ፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ አየችው።

ማታ ልጅቷ የቀኑን ሒሳብ ስትሠራ የነጩ ገጽ ቁጥር አንድ ሆኖ አገኘችው። የቤተኛ ጉብኝት መቀነስ ነበረበት። አልቀነሰችውም።