አራት ጣት የሚተርፈው ቀሚስ

ማመን የማይፈልግ ከአሁኑ ይለፈው። እኔ ለማንም አልምልም። ግን ሆኗል... ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ በልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ።

ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ይጮሃል። ለምደነዋል።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ የለም። ሥራዬ የሟቾችን ልብስ ለቀሪዎቹ ማጥበብ ሆኗል። የሞተ ተጎዳ፣ ያለው ደግሞ ራቁቱን አይሄድም። የማን እንደነበር አልጠይቅም፤ ዝም አይነቅዝም።

የሰባት ዓመት ልጄ ስፌት ማሽኑ ሥር ተቀምጣለች።

ቤታችን በተመታ ቀን ሁለታችንንም ከፍርስራሽ ሥር አወጡን። እኔ ጭንቅላቴን ተመትቼ ራሴን አላውቅም ነበር። "እናትሽ ተርፋለች" ብለው ልጅቷን እጄን አስያዟት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አንዴ "እማዬ" ብትለኝ ምን ነበረበት? አንዳንዴ በንዴት ልመታት እጄን አነሳለሁ...

እጄም ቢሆን ከዚያን ቀን በኋላ ተበላሽቷል። መርፌ በየደቂቃው ይወጋኛል።

አንዲት ሴት ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ልብሷ አቧራ በአቧራ ነው።

ሰማያዊ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ።

ደነገጥኩ። ለራሴ የሰፋሁት ቀሚሴ ነው። ፍርስራሽ ሥር የቀረው...

"ከየት አመጣሽው?"

"አጥብቢው" አለች በሹክሹክታ።

"ለማን?"

"ላንቺ።"

"የገዛ ልብሴ ለእኔ ይጠባል እንዴ? ቀልደኛ!" ብዬ ከላይ ደረብኩት።

ወገቡ ሰፋኝ። ከስቻለሁ... ጦርነት ያከሳል።

ትከሻው ወረደ። እሱም ይሁን።

ጫፉ ግን መሬት ነካ። አራት ጣት ተረፈ።

መከራ ሰውን ያከሳል። ያሳጥራል እንዴ?

"አንቺ... ማነሽ?"

ጠጋ አለችኝ። ትንፋሿ አቧራ አቧራ ይሸታል።

"ቦታዬን ከያዝሽ አይቀር በልክሽ አድርጊው። እንዲህ ተዝረክርከሽ ልጄ አታምንሽም።"

ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ኋላ ገባች።

ልከተላት ይገባ ነበር። አልተከተልኳትም። ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን ልጅቷን መልሳ እንዳትወስድብኝ ሰጋሁ። የማንም ትሁን፣ አልሰጥም!

ቁጭ ብዬ አጠበብኩ። አሳጠርኩ። መርፌው አንዴም አልወጋኝም።

ለበስኩት።

ልጅቷ ከማሽኑ ሥር ወጣች። ከኋላዬ ቆማ የጀርባዬን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ።

"እማዬ" አለች።

አለቀስኩ። ከዚያ ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩ...

ማንም የለም። በዚያ በኩል በር የለም፣ መስኮት የለም። አቧራማው ልብሷ ብቻ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ስነካው ይሞቃል።

ሜትሬን አውጥቼ አቧራማውን ልብስ ለካሁት።

ወገብ... ትከሻ... ቁመት...

ምኑም አይጠብም፣ ምኑም አያጥርም። ልክ የእኔ ነው።