የገንዘብ ያዡ ፊርማ

በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የፈትል ፋብሪካው መካኒክ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱና አንዲት ሴት ልጃቸው ይኖሩ ነበር። መካኒኩ የሠራተኛ ማኅበሩ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥም ነው። ለማኅበሩ እስክርቢቶ ሲገዛ እንኳ ደረሰኝ ካልተቆረጠለት ከሱቅ ስለማይወጣ ሠራተኛው «ቁልፉ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሲሞት መልአኩንም ደረሰኝ ይጠይቀዋል እያሉ ይስቁበታል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው፣ ያስተማረችው እሷ ናት። አፉ ማር ነው፤ ሲናገር አዳራሹ ቁጭ ብድግ ይላል።

ማኅበሩ ከየሠራተኛው ደመወዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የመረዳጃ ሂሳብ ነበረው። የታመመ ይታከምበታል፣ የሞተ ይቀበርበታል። ገንዘቡ የሚወጣው ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ በአንድ ቼክ ላይ ሲፈርሙ ነው። ነገር ግን ባንክ ክፍት በሆነበት ሰዓት ቁልፉ ማሽን ሥር ተኝቶ ሲጠግን ይውላል፤ አለቃውም አይለቀውም። አንድ ጊዜ የእሱ ፊርማ ሲጠበቅ የአንዲት ፈታይ ልጅ ሕክምናው ዘግይቶበት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ መጠኑ ባልተጻፈበት ቼክ ላይ አስቀድሞ እየፈረመ ለሚስቱ ወንድም ይተውለት ጀመር። ወንድምየውም የሕክምና ደረሰኝ ያመጣለታል፤ ደረሰኙ በገንዘብ የተገዛ ሐሰተኛ መሆኑን በምን ይወቅ? በገዛ ቤቱ ያደገን ልጅ ማን ይጠረጥራል?

የሚስቱ የልብ ሕመም ጠና። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ነገ ዛሬ የሚባልበት እንዳልሆነ ተናገረ። ኮሚቴው ወጪዋን ሲፈቅድላት ቁልፉ አለቃውን ለምኖ ራሱ ባንክ ሄደ። ከፋይዋ ኮምፒውተሯን አየች፤ ደግማ አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ ሂሳቡ ባዶ መሆኑን ነገረችው። በወጣው ቼክ ሁሉ ላይ የእሱ ፊርማ ነበረበት!

ፋብሪካው ተናወጠ። ለሚስቱ ማሳከሚያ በላው ተባለ። ሚስቱ ግን ሳትታከም አልጋ ላይ ነበረች… ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

ወንድምየው መጣ። በገንዘቡ ቤት መሥራት ጀምሮ መመለስ እንዳቃተው አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ተናዘዘ።

«ስማ የኔ ልጅ» አለችው። «ለኔ ምንም አልፈልግም። ጉባኤው ፊት ቆመህ የሱን ስም መልስለት።»

«እሺ እታለም። በናታችን።»

ጉባኤው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ተነሣና እንባውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ ጋሼ ተሳስቷል። ሚስቱ የታመመችበት ሰው ምን የማያደርገው አለ? እኔ እህቴን የማጣው ይቅር ካልኩት እናንተስ? አንክሰሰው፤ ከሥራ መሰናበቱ ይበቃዋል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ንጹሑን ሰው ወንጀለኛ አድርጎ ምሕረት ለመነለት! ቁልፉ ልናገር ቢል «ምስጋና ቢስ!» ብለው አስቀመጡት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ከትራሱ ቀና ብላ ትጠብቀው ነበር።

«ተናገረ?»

ቁልፉ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«ተናገረ። ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ።»

«አላልኩህም? ልቡ ክፉ አይደለም» አለችና ፈገግ አለች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጇ ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ ትንፋሿ ቆመ።

መቃብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ወንድምየው ነበር። ሊያቅፈው ሲመጣ ቁልፉ የወንድምየውን እጅ ከትከሻው ላይ አወረደው።

«እሷን ዋሽቼ ሸኘኋት» አለ ሁሉም እንዲሰማ። «እናንተን ግን አልዋሽም። ባዶ ቼክ ላይ መፈረሜ ጥፋቴ ነው። ሞልቶ የበላው እሱ ነው። መታከሚያዋን የበላው ያሳደገችው ልጅ ነው።»

ለቀስተኛው መሬት መሬት አየ። ሐዘን አእምሮውን ነካው ተባለ። ቀኗ ደርሶ ነው፣ ዕድሏ ነው እየተባባሉ ተበተኑ፤ በወሩም ሊቀመንበሩን ደግመው መረጡት።

ዕድል! በሰው ሕይወት ቤት የሚሠራ ዕድል የት አለ? አዳራሽ ሞልቶ የሚያጨበጭብስ? ሰው ያደረገውን ዕድል ላይ እየጫንን፣ የገደለውን አቅፈን እያጽናናን፣ እስከ መቼ እንቀብራለን?