የአናጢው ኢንሹራንስ

አናጢው መሰላሉ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ ነቅሎ ያመጣውም የእሱ ጩኸት ነው። መርማሪዋ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነበር። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ ስሙንም አትጠላውም።

ወርክሾፑ ምድር ቤት ነው። ከበላዩ ጣውላ የሚከመርበት ቆጥ አለ፤ ከቆጡ ደግሞ በአንዲት ጠባብ በር ወደ መኝታ ቤት ይገባል። አናጢው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ላይ ይኖር ነበር። የታችም የላይም ወለሉ ሰጋቱራ ለብሷል፤ መርማሪዋ ገና ጥቂት ሳትራመድ ጥቁር ጫማዋ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ።

«ሚስትየው ናት» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷል። ጠባቸውም በሕይወት ኢንሹራንስ ነው፤ በቅርቡ ነው የገባው። ገንዘቡ የሚከፈለው ለእሷ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ብዙ ነገር ይፈለጋል» አለችውና ሟቹ አጠገብ ተንበረከከች።

የጫማው ሶል ንጹሕ ነው። ሰጋቱራው የተጠቀጠቀው ከተረከዙ ጀርባ ነው። ቱታው ደረቅ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ካናቴራ ከውሃ የወጣ ይመስላል። የግራ ትከሻው አብጦ በልዟል። እብጠቱን በጣቷ ነካ አድርጋ ተነሳች።

ላይ ቤት አልጋው ተነጥፏል። የአልጋ ልብሱን ገለጥ ብታደርገው ትራሱ እርጥብ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦና እንቁላል በሳህን እንደተከደነ ቀርቷል፤ አጠገቡ ያገለገለ መርፌ አለ። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ቆጡ ጠርዝ ድረስ፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል፣ ወለሉ ተጠርጓል።

ሚስትየው የዳቦ ቤት ሽርጧን ሳታወልቅ የበራፉ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ደርቋል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ኢንሹራንስ የሀብታም ነገር ነው አልኩት። እኛ ከእጅ ወደ አፍ የምንኖር ሰዎች፣ ለልጆቹ ጫማ ሳንገዛ ለሞትህ ትከፍላለህ ወይ አልኩት። እሱ ደግሞ ‹ሀብታምማ ቢሞት ቤቱ አይፈታም፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ነው የሚያስፈልገው› አለኝ። ተኮራርፈን አደርን። ጠዋት ቁርሱን ከድኜለት ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። ምናለ ብቀሰቅሰው ኖሮ!»

«መርፌውስ?»

«የስኳር ነው። ሳትበላ አትወጋ እያልኩ ሁሌ እጨቀጭቀዋለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ላብ አጥምቆት፣ ቀዝቅዞ፣ በድን ሆኖ አገኘሁት። ስኳር ድዱ ላይ አሸሁለትና ነቃ።» ድንገት የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «ፖሊሱ ሊያስረኝ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላቸዋል?»

ወንድምየው ጣውላ መሰንጠቂያው አጠገብ ቆሟል። ጺሙ ገና ያላደገ፣ እጁ ግን የጠና ልጅ ነው።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለ። «አባታችን ግንበኛ ነበር። ሥራ ላይ እንዳለ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። አሠሪዎቹ ‹የገደለው በሽታ ነው እንጂ አደጋ አይደለም፤ ካሳ የላችሁም› አሉን። ከነዕቃችን ሜዳ ላይ ወደቅን። ጋሼ ትምህርቱን ጥሎ ለእኔ ሲል መጋዝ ያዘ።»

«ዛሬስ?»

«ጣውላ ላመጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። ከቆጡ ሲወርድ መሰላሉ ከድቶት ይሆናል።»

«ሕመም ነበረበት?»

«ጋሼ? ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም!»

መርማሪዋ ዓይኑን አየችው። ስለ መሰላሉ ሲናገር ዓይኑ መሬት መሬት ይል ነበር፤ ይህን ሲናገር ግን ፊት ለፊት ነው ያያት።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። ስልኩን ዘጋች። የምትፈልገውን ስታገኝ ደስ የሚላት ሴት፣ ዛሬስ ባላገኘሁት አለች። ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየውን፣ ወንድምየውን፣ ፖሊሱን፣ በስልክ ያስጠራችውን የኢንሹራንስ ወኪልም ጭምር።

«ይህ ሰው ከመኝታ ቤቱ ወደ ቆጡ በእግሩ አልወጣም» ብላ ጀመረች። «በእግሩ ቢሄድ ኖሮ የጫማው ሶል እንደ እኔ ጫማ በሰጋቱራ ይሸፈን ነበር። ሰጋቱራው ያለው ከተረከዙ ጀርባ ነው። በብብቱ ተይዞ ተጎትቷል። የጎተተው ሰው የተረከዙን መስመር ለማጥፋት ቆጡን ጠረገው። አለዚያ ሰው ወድቆ ሞቶ ማን ቤት ይጠርጋል?»

ፖሊሱ ወደ ሚስትየው ዞረ።

«እሷን ተዋት» አለችው። «ካናቴራው ረጥቦ ቱታው ደረቅ የሆነው፣ ቱታውን ካላበው በኋላ ሌላ ሰው ስላለበሰው ነው። መርፌውን ወግቷል፤ ቁርሱን አልበላም። ስኳሩ ወርዶ አልጋው ላይ ራሱን ስቷል። ሚስቱ ብታየው በሽታውን ስለምታውቅ ስኳር ታመጣ ነበር። ክፉ ብታስብ ደግሞ ዝም ብላ ትታው መሄድ ይበቃት ነበር፤ መጎተት ምን አደከማት? የጎተተው ሰው በሽታውን አያውቅም። ሞቷል ብሎ አምኗል። በሽታ የገደለው ሰው ቤተሰብ ባዶ እጁን እንደሚቀርም በልጅነቱ አይቷል።»

ወንድምየው ጣውላውን ተደገፈ።

«ሞቶ ነበር!» አለ። «ጠራሁት፣ ወዘወዝኩት፣ አልመለሰልኝም። እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። ኢንሹራንሱ ትዝ አለኝ… እታለምና ልጆቹ እንደ እኛ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ አደጋ ይምሰል አልኩ። ‹ይቅር በለኝ ጋሼ፣ ይቅር በለኝ› እያልኩ ነው የጎተትኩት።»

ወኪሉ ጣልቃ ገባ። «ለአባታችሁ የተከለከለው እኮ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ነው። ይሄ የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። በበሽታም ይሙት፣ አልጋው ላይ ተኝቶም ይሙት፣ ይከፈላል። ስኳር እንዳለበት ራሱ ነግሮን ክፍያውን ትንሽ ጨምረን ነው የተቀበልነው።»

«ታዲያ… በከንቱ ነው ከቆጡ የጣልኩት?»

ፖሊሱ እፎይ ብሎ «እንግዲያው የወደቀው ሬሳ ነው፤ ገዳይ የለም ማለት ነው» አለ።

መርማሪዋ ስልኳን በእጇ አገላበጠች። ይህን ከሁሉ ቀድማ ያስተዋለችው ሚስትየው ናት።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አለቻት። «ንገሪኝ። ባሌ ነው።»

«የሞተ ሰው ቢወድቅ ትከሻው አያብጥም፣ አይበልዝም» አለች መርማሪዋ፣ እያንዳንዱን ቃል ከአፏ እየጎተተች። «እንዲያብጥ ልቡ መምታት አለበት። የገደለው ውድቀቱ ነው።»

ወንድምየው መጀመሪያ አልገባውም። ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ተመለከተ። ሲገባው አልጮኸም፤ የጠዋቱን ጩኸት የጮኸው ሰው እሱ አይመስልም ነበር።

«ስኳር ብሰጠው ይነቃ ነበር?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ሚስትየው አፏን በሽርጧ ያዘች።

«እታለም፣ ለምን ደበቃችሁኝ? ባውቅ ኖሮ…»

«አስምሎኝ ነው» አለችው። «‹እንዳትነግሪው፤ ልጁ አንድ ጊዜ አባት ቀብሯል፤ እኔን ባየ ቁጥር ደግሞ እንዲቀብረኝ አልፈልግም› አለኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቶ እንደያዘ ቀረ። ወንድምየው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ፤ ማንም ተነስ አላለውም።