አበቅቴ ዐሥራ ስምንት

«ዓመቱ ስንት ነው፣ መሪጌታ?» ስትል ሲስተር እናትነሽ ጠየቀች።

መሪጌታ ፍሥሐ መደቡ ላይ ተቀምጠው የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እያስኬዱ ይቆጥራሉ። ትርሲት ይህን አቆጣጠር ታውቀዋለች። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ያስተማሯት እኚሁ አያቷ ናቸው። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ አሁን ዘጠነኛ ናት።

«ዘመነ ማርቆስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አበቅቴ ዐሥራ ስምንት፣ መጥቅዕ ዐሥራ ሁለት። ጾመ ነነዌ የካቲት ዐሥራ አራት ትገባለች።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በሩ ላይ የቆመው ተማሪያቸው በረከት ፈገግ አለ። በረከት ገና ዜማ ላይ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ አልጀመረም።

«ጉግል ይህን ያወጣል?» አላት ሲስተሯን።

«ኧረ የት አባቱ» አለችና ሳቀች። ዘመነ ማርቆስ መሆኑን እሷም ታውቃለች። በያዘችው ታብሌት ላይ የ«ልክ» ምልክት አደረገች።

ትርሲት አልሳቀችም። ዘንድሮ ነነዌ የምትገባው ጥር ሃያ አምስት ነው። መስከረም ላይ ራሷ አውጥታዋለች። በዓላቱ የሚሰሉባቸው የዓመቱ ቁጥሮችም ሌላ ናቸው፤ አበቅቴው ዐሥራ ሁለት፣ መጥቅዑ ዐሥራ ስምንት ነው። ቁጥሮቹ ተገላብጠውባቸው ይሆን ብላ አሰበች። ወዲያው ግን እነዚህን ቁጥሮች የት እንዳየቻቸው ትዝ አላት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዳዊት ማኅደር ሄደ።

ሲስተሯ የመጣችው ለመርሳት በሽታ ጥናት ነው። በቀበሌው ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸውን ሁሉ እየዞረች ትጠይቃለች፤ ደምም ትወስዳለች። ከመጀመሯ በፊት ነገሩን አስረድታቸው ነበር። አንዳንድ ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ውስጥ ፕሮቲን እየተጣበቀ ይከማቻል። ጤነኛ አንጎል እየጠረገ ያስወጣዋል። ካልተጠረገ ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። መጀመሪያ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ነው፤ የጥንቱ ይቆያል። ትርሲት ፕሮቲን የምታውቀው ከባቄላና ከእንቁላል ነው፤ ሽሮ ይከልከሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተሯ አልሳቀችባትም። የሚበላው ፕሮቲን ሌላ ነው፣ ይብሉ አለቻት።

«መድኃኒትስ?» ብላ ነበር ትርሲት።

«የሚያድን የለም። እየተፈለገ ነው። ደሙን የምንሰበስበው ለዚህ ነው።»

አባቷ ቀለመ ወርቅ በጠዋት ፈቃዱን ፈርሞ ወደ አውድማ ወርዷል። እምቢ ብንል ነገር አለ ይላሉ ብሎ ነው የፈረመው። የአባቱን ውሎ የምታውቀው ልጄ ናት፣ እሷን ጠይቂ አለ ለሲስተሯ። ከዚያ በፊት ግን ትርሲትን ከከብቶቹ በረት ጀርባ ጠርቷት ነበር።

«ደህና ናቸው በያት» አላት። «ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ። አብሾ ነው እንዲሉ ትፈልጊያለሽ?»

ትርሲት ነገሩ ገብቷታል። አብሾ የቆሎ ተማሪ ትምህርት ቶሎ እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባል ቅጠል ነው። የሊቅ አእምሮ ሲታወክ አገሩ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የጠጣው አብሾ ተነሣበት። ከዚያ ወዲያ የአርባ ዓመት ድካሙ የቅጠል ሥራ ተብሎ ይቀራል። ተማሪውም ይበተናል። አያቷ ከተማሪ ሌላ የቀራቸው ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት መቋሚያቸውን ይዘው ወደ በሽሎ ወንዝ ቁልቁል ሲወርዱ በረከት ነው ደርሶ የመለሳቸው። ጸጋዬ ዘገየብኝ ብለው ነው የወጡት። ጸጋዬ የበኩር ልጃቸው ነው። ትርሲት ሳትወለድ ሞቷል። ክረምት ላይ የት ሄደ ብለው ሲጠይቋት እውነቱን ነግራቸው ነበር። መርዶውን ዛሬ የሰሙ ይመስል መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጸጋዬ አልተነሣም ወይ አሏት። ከዚያ ወዲህ ነግራቸው አታውቅም። ይመጣል ትላቸዋለች።

ሲስተሯ ደሙን ቀድታ ጨረሰች። ብልቃጡ ላይ ቁጥር ለጠፈችና ወደ ትርሲት ዞረች።

«አሁን የቤተሰብ ጥያቄ ነው። ካቻምና ከነበሩት የተለወጠ ነገር አለ? መርሳት? መንገድ መሳት?»

በረከት መሬት መሬት ያያል።

«የምለው ምን ላይ ነው የሚገባው?» ስትል ትርሲት ጠየቀች።

«ደህና ናቸው ካልሽ ደማቸው ከጤነኞቹ ጋር ይቀመጣል። የታመሙትን ደም ከእነዚያ ጋር ነው የምናስተያየው። የእሳቸው ውጤት ደግሞ ጥሩ ነው፤ ዓመቱንም አውቀዋል።»

መሪጌታ ይህን ይስሙ አይስሙ አልታወቀም። የተወጋውን ክንዳቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ትርሲት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ያየችው ነገር ነበር። አንድ ተማሪ ከተሳሳተ መጽሐፍ ገልብጦ አያቷ ፊት አነበበ። አልተቆጡትም። ከአንተ ቅጂ ላይ ስንት ሰው ገለበጠ ብለው ጠየቁት። ሰባት አለ። ሰባቱን ቤት ለቤት ዞረህ አርም ብለው ላኩት። አንዱ ስማዳ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ልጁ እዚያም በእግሩ ሄደ።

«ትርሲት» አሉ መሪጌታ በድንገት። «ወንዙ ሳይሞላ ጸጋዬን ጥሪው። ይመሻል።»

ተነሣች። የዳዊቱን ማኅደር ከግድግዳው አወረደች። በረከት እጁን ዘረጋ፤ ሊከለክላት ይሁን ሊያግዛት አልገባትም። እጁን መለሰ። መጽሐፉን አወጣችና የመጨረሻውን ቅጠል ገልጣ ለሲስተሯ አሳየቻት። በአያቷ የእጅ ጽሕፈት፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው።

«በ፲፱፻፹፮ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ ፲፰፣ መጥቅዕ ፲፪፣ ነሐሴ ፱ ቀን፣ በሽሎ ሞልቶ ልጄን ጸጋዬን ወሰደው።»

ሲስተሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንዴ ጽሑፉን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች።

«ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል» አለች ትርሲት። «ያወጡልሽ የዘንድሮውን አይደለም። ልጃቸው የሞተበትን ዓመት ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ወንዙ ወርደው ነበር።»

ሲስተሯ ታብሌቱ ላይ ያደረገችውን ምልክት አጠፋች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻት።

በክፍቱ በር ትርሲት አባቷን አየችው። መንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ፀጉሩ ላይ ገለባ እንዳለ፣ ከአውድማው ሽቅብ ይመጣል። ደጃፉ ለመድረስ የቀረው ጥቂት እርምጃ ነው።

«ካቻምና ከሁዳዴ በኋላ ነው የጀመራቸው» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።